የአንድ መጽሐፍ ሚዛን

አንድ ገጽ ጻፊልኝ አልኸኝ፥ አቪግዶር፤
ለአዲሶቹ ልጆች ይገዛ ወይስ ይቅር።
በዕብራይስጥ የምልክልህ ሁለት መስመር ነው፤
የቀረው ይኸው፥ አንተ የማታነበው።

መጀመሪያ ክብደት፤
ሦስት ኪሎ ከሩብ፥ በአፉላ ገበያ፥ በድንች ሚዛን ላይ ያስቀመጥሁት ዕለት።
ሻጩ ሳቀና “ኪሎው በስንት ነው?” አለኝ፤
እኔም ያኔ ገና ዋጋው አልገባኝ።

ቀጥሎ ማውጫውን ፈተንሁት፤
እንደ ተቸገረ ሰው ተጣድፌ ጠየቅሁት።
“ዲስክ ሲሞላ” አለ፥ ገጽ አራት መቶ ሁለት።
“ሌሊት ሲሆን፥ ብቻ ሲኮን” የለበትም።
“አለቃ ስልክ ባያነሣ” እሱም የለበትም።

ደራሲው “ቀላል ነው” ይላል፥ ሠላሳ ሰባት ጊዜ፤
ቆጥሬበታለሁ፥ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፥
ማቀዝቀዣው ሲያንቀጠቅጠኝ፥ በካፖርት፥ በሐምሌ ወበቅ ጊዜ።
ቀላል ነገር ሦስት ኪሎ አይመዝንም።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ያለው ምዕራፍ ግን እውነት ነው፤
ማስቀመጥ ምንም አይደል፥ መልሶ ማውጣት ነው ይላል ቁም ነገሩ።
ጎታዬ ሙሉ ነው ብሎ ሲኩራራ ከርሞ፥
በነሐሴ እጁን ሲሰድ ነቀዝ የዘገነ ይመስክር።

አሁን ወደ ገጽ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።
አንድ ትእዛዝ አለ እዚያ፥ በታተመበት ዓመት ልክ የነበረ፤
ማሽኑ ተለወጠ፥ ትእዛዙ እንደ ቆመ ቀረ።
ዓርብ ነበር፥ ፀሐይዋ ወደ ቀርሜሎስ አዘንብላ፥
የወላዶቹ ክፍል መዝገብ ተንጠልጥሎ፥
የእናት ስም፥ የጨቅላ ደም ዓይነት፥ በጣቴ ጫፍ ላይ።
ገጹን ስገልጥ
የሱፍ አበባ ፍሬ ልጣጭ ዱብ አለች።
ከነበረችበት ሥር በእርሳስ፥ ግማሹ በዕብራይስጥ፥ ግማሹ በአማርኛ፦
“ይህን አትመን። አንድ ሌሊት አልቅሼበታለሁ።”

ትእዛዙ ነው፤
ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ ሱፍ ሲቆረጥም ያደረው፥
“ቴዚ” ስትለው ዝም የሚልህ፥
ኬክ ቆርሰን የሸኘነው፥ ከዚያ ወዲያ ማንም ያልደወለለት።
መጽሐፉ ትእዛዝ በትእዛዝ ነው፤
ያዳነኝ ግን ትእዛዙ ነው።
ይህ በዕብራይስጥ አይሰምርም፥ ስለዚህ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሕትመቱን ትቼ ዳር ዳሩን አነበብሁ።
“አንድም” ብሎ ይጀምራል አንዳንዱን፥ እንደ መምህር።
“የጄኔሬተሩ ቁልፍ ዋጂህ ዘንድ ነው፤
በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ አትደውልበት፥ ይብላ።”
“እዚህ ላይ ደራሲው ደክሞታል።”
“ዛሬ ልጄ ወለደች። መስመሩ ሁሉ ደኅና።”
አንዱን ውኃ ነክቶት ማንበብ አልቻልሁም፤
ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚያው ነው።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ይገዛ፥ አሥር ቅጂ።
አዲሱ ንጹሕ ነው፥ ስለዚህ ገና ዲዳ ነው፤
ከእያንዳንዱ ጋር እርሳስ ይታደል፥
እስክሪብቶ አይሁን፥ ሰው ይሳሳታል።
አሮጌው ከዚህ ክፍል አይወጣም።

ትናንት ደወልሁለት፥ ለትእዛዙ።
“ገጽ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት” አልሁት፥ ሰላምታም ሳላስቀድም።
ዝም አለ። ልጣጭ እፍ ሲል ሰማሁት።
“ደረስሽበት?”
“ደረስሁበት።”
“ታዲያ ከሥሩ ምን ጻፍሽ?”