ስቴኪኒ

አበባው ደስ ይላል፤ እሱ ነው የሚያበግን።
ሐምራዊ ለብሶ ነው የሚገባው ጓሮ፣
እንደ ሠርግ እንግዳ ፊቱን ታጥቦ መጥቶ
በቆሎዬ አጠገብ ተሰልፎ አድሮ።
ከላይ ጎረቤት ነው። አፈሩን ብትገልጥ
ሥር ከሥር ተጣብቆ፣ አፍ ለአፍ ገጥሞ፣
ልጅ እንደሚጠባ ይጠባታል እሷን፤
ልጅ ግን አንድ ቀን ይጠግባል ደግሞ።

ካዮንጎ እንለዋለን እኛ የያላ ዳር ሰዎች፤
አቀንጭራ በለው፤ ስም አይገድለው።
አማቴ እርግማን አለች። ሹሙ ስንፍና አለ።
ባሌ ምንም አላለም፤ ነቀለ፣ ነቀለ፣ ነቀለ፣
ከማሳው ጫፍ እስኪቀበር።

ኤልካና የሚሉት ልጅ በሞተር መጣ፤
ከኪሱ ብልቃጥ፣ ከብልቃጡ ስቴኪኒ አወጣ።
«ሥጋ ላልበላ ጥርስ ምን ሊጎረጉር?» አልኩት።
ሳቀ። «ጫፉ ላይ ፈንገስ ተኝቷል፣ ማማ ፔሬስ፤
ታሞ ከሞተ አቀንጭራ ላይ የለቀምነው።
ሩዝ ቀቅይ፣ አቀዝቅዢ፣ ይህን ጨምሪና ክደኚ።
በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፤ እስከዚያ እመኚ።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሻጋታ ሳባርር፣
ድስት በአመድ ሳሽ፣ ጎተራ ስጠርግ፣
አሁን በገዛ ሩዜ ሻጋታ ላሳድግ!
ልጆቹ እንፋሎቱን ተከትለው መጡ፤
«ለማሳው ነው» ብል ገላምጠውኝ ወጡ።

ከአልጋ ሥር ደበቅሁት።
ሌሊት እየነቃሁ ጆሮዬን ወደ ወለሉ ጣልኩ፤
የሚሰማ የለም።
በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ባነሳ
ነጭ ጸጉር አብቅሏል፤ ሆዱ ጋ ሮዝ፣
እንደ አራስ ልጅ ምላስ።

በየጉድጓዱ አንድ ፍሬ፣ ከጎኗ በሦስት ጣት የሻገተው ሩዝ።
ንያሶዋ በአጥሩ ላይ፣ «ፔሬስ አበደች፤
ለአፈር ምሳ ትቋጥራለች።»

ኤልካና ግን፣ «አንድ መስመር ያለ ሩዝ ይቅር፤
አለዚያ ልዩነቱን በምን እናውቃለን?»
ያለኝ ስድስት ነው። የትኛውን ልጄን ሳላስከትብ ልተው?
በባሌ መቃብር በኩል ያለውን ሰጠሁ።
ከእሱ ጋር ይተዋወቃሉ።

ዝናቡ መጣ፣ ቀረ፣ መጣ።
በአምስቱ መስመር አቀንጭራው ብቅ ባለበት ጠቆረ፣
አንገቱን ደፋ። ያልሞተም አለ፣ አልዋሽም፤
አሥራ አንድ ቆጥሬ ነቅያለሁ።
በቆሎዬን ግን አልነካም ሻጋታው።
እንዴት ለየ? ዓይን እንኳ የለው!
እኔ የባሌ ወንድሞች ለቅሶ የደረሱ ዕለት
አልቃሹን ከመሬት ለኪው መለየት አቅቶኝ ነበር።

በስድስተኛው መስመር ሐምራዊው ሠርግ ደመቀ።
ትንሿ ልጄ ለአባቷ ልታኖር አንድ እቅፍ ስትለቅም
እጇን ያዝኩ፤ በአንዲት አበባ ሺህ ረሃብ ይረግፋል።
አየሁት። ገና ዘር አልቋጠረም።
«ልቀሚ፣» አልኳት፣ «ሁሉንም። አንድ እንዳይቀር።»
እንዲህ የለበሰ መቃብር በመንደሩ የለም።

ማታ ንያሶዋ በአጥሩ ላይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ሩዙ ግን
ጨው ይገባበታል?»