ሚዛን ያዡ

ብቸና ገበያ፣ ከእህል ተራ ዳር፣
ሃያ ዓመት ሆነኝ፣ ሚዛን ይዤ ስኖር።
ኩንታል ካነሣሁ፣ መርፌው ሳይንቀሳቀስ፣
ትከሻዬ ያውቃል፣ ስንት እንደሚደርስ።
ድንጋይ የደበቀ ነጋዴ ሲመጣ፣
ጆንያውን ነካ አርጌ «አውጣ» እላለሁ፣ «አውጣ»።
ማንም አታሎኝ አያውቅም፣
ከልጄ በቀር።

ስመኝ አልኋት ስሟን፣ ስመኛት ኖሬ፣
በሥላሴ ስለት፣ ያገኘኋት ፍሬ።
ዐሥራ ሦስት ሞልቷት፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣
እንደ መነኩሲት ዋለች፣ ነጠላ ደራርባ።
እማማ ጥሩወርቅ፣ አጥር ተደግፈው፣
«የናንተ ልጅ ጻድቅ፣ ሌላው ሁሉ ሆዳም ነው።»
እኔም፣ ምን ይደበቃል፣ ኩራት ኩራት አለኝ።

ዶሮ ወጡ ወጥቶ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ሁሉም ፈሰከና፣ እሷን እንቅልፍ ጣላት።
በማግሥቱ ሆዷን፣ በሣልስቱ ጥርሷን፣
ከዚያ ወዲህ «በላሁ»፣ እየጠረገች አፏን።
በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕ ዓርብ አይጾምም፤
ለሷ ሰባቱም ቀን ዓርብ ነው፤ ዓርቡ አያልቅም።

እናቷ ከአልጋ ሥር፣ ስትጠርግ አገኘች
ደርቆ የሻገተ እንጀራ፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ፣
በያንዳንዱ ላይ ቀን የተጻፈበት፣
ልቅም ባለ ጽሕፈት።

ቡዳ ነው ያሉም አሉ። ጠበልም ወሰድናት።
የንስሐ አባቷ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ብዪ» አሏት፣
«እኔ ጹሚ አላልሁሽ።»
መስቀል ተሳልማ፣ «እሺ አባ» ብላ ወጣች።
እሺታዋም ከሳ።

ሐምሌ ላይ፣ በጭቃው፣ ከደጃፍ ወደቀች።
አነሣኋት።
ትከሻዬ ሳልጠይቀው ተናገረ፦ ሃያ ሰባት።
የሆስፒታሉ ሚዛን ሃያ ሰባት ከግማሽ አለ።
ግማሹ ዝናብ የጠጣ ነጠላዋ ነው።

ሲስተር ዘውድነሽ፣ «ቅብጠት አይደለም፣ ቡዳም አይደል» አለች፤
«በሽታ ነው፤ በቀስታ የገባ፣ በቀስታ የሚወጣ።
አትቆጧት። አትለምኗት። አብራችኋት ብሉ።»

ይኸው ከዚያ ወዲያ፣ ምሳ እቤት እገባለሁ፤
እሷ አንዲት ጉርሻ ስታኝክ፣ የበሬ ዋጋ አወራለሁ፤
ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ዐይኔን ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ወጣች ሚዛኑ ላይ፤
ሃያ ዘጠኝ። እናቷ እልል ልትል፣ አንጋጥጣ ወደ ሰማይ፣
እኔ ኪሷን አየሁት፣ ወደ መሬት ሲያይ።

ሃያ ዓመት! ያን ዓይነት ጆንያ አውቀዋለሁ።
«አውጪ» ልል ነበር፤ ዋጥሁት።
ከበሩ ውጭ፣ ዋንዛው ሥር፣ እጄን ዘረጋሁላት።
ቆየች። ቆየች።
ሁለት የወንዝ ድንጋይ፣ በገላዋ የሞቁ፣
መዳፌ ላይ አኖረች።
«ሸክም የኔ ሥራ ነው» አልኋት።

ተመልሰን ገባን። ሃያ ስምንት።
አንዲት ኪሎ። የራሷ።

ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ ኮት ኪሴ ውስጥ ናቸው፤
ገበያተኛው፣ «ምነው፣ በአንድ ጎን አዘነበልህ?» ይለኛል።