መስኮት ቁጥር ሦስት

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት፤ ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀ፣
አንድ ልጅ በሸሚዝ የሬጅስትራሩን መስኮት አንኳኳ፣ ሳቀ።
እኔ ጋቢ ደርቤ፣ ቀለሙ በብዕሬ ረግቶ፣
እሱ ላቡን ይጠርጋል፣ ከጠባሴ በሩጫ መጥቶ።

«ስም?» «ፉርባ። ሐሙስ ማለት ነው፤ ሐሙስ ተወለድኩ።»
«የአባት?» «ሼርፓ።» «የአያት?» «ሼርፓ፤ መንደሩ በሙሉ።» ጻፍኩ።

ቀኑ ላይ ተጣላን፤ የኔፓል ወረቀቱ ሁለት ሺህ ሰባ ስድስት ይላል፣
የእኔ ማኅተም ሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት፤ የቱ ይሰረዛል?
የፈረንጁ መሃል ቆሞ ሁለታችንንም ይታዘበናል።

«ስልሳ አራት ዓመት ቀድሜሻለሁ» አለ። «እንግዲያ ንገረኝ፣
ደሞዝ ተጨምሯል?»
አሰብ አደረገና፣ «እዚያም ገና ነው» አለኝ።

የመጣው ለበግ ነው፤ የመንዝን በግ ጠጉር ሊለካ፣ ሊመዝን፤
የቆላ ልጆች በሦስት ብርድ ልብስ ሲንቀጠቀጡ
እሱ በአንሶላ ያድራል ሲሉ ሰማን።

አንድ ቀን ከምሳዬ፣ የጨበጥኩትን የገብስ በሶ ቆርሼ
በመስኮቱ ቀዳዳ ሰጠሁት። ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ።
«ጻምፓ» አለ። «የእናቴ ጻምፓ።» ሌላ አልደገመ።
ከኋላው የተሰለፈው «ኧረ ቶሎ በል!» ይላል፤
እሱ መስኮቱን ይዞ እንደ ቆመ።

ከሄደ ክረምት አለፈ። ትናንት ማመልከቻው ደረሰኝ፤
ትራንስክሪፕት ይላክልኝ ይላል፣
ከግርጌው በአማርኛ፣ በጠማማ ፊደል፦
«ደሞዙስ?»

የእኔን ቀን አተምኩ፤ የእሱን ከጎኑ በእጄ ጻፍኩ፤ ደንቡ አይፈቅድም።
ለጥያቄው ግን የሚሞላ ቦታ
ፎርሙ ላይ የለም።