በዓይኑ ዓ

ሃያ ዓመት ከወደቡ ዳር
ቀረሶ ስገፍፍ፣ አምባዛ ስበልት፣
ቅርፊቱ ከክንዴ ተጣብቆ ሲያድር፣
ስሙ በምን ፊደል እንደሚጻፍ
አላውቅም ነበር።
የማኅበሩ መዝገብ የሚያውቀው አውራ ጣቴን ነው።
«ስንት ይላል?» ስለው፣ ባለሚዛኑ ልጅ
«ሰባት» ይለኛል፣ ፊቱን ሳያዞር።
ሰባት ይሆናል።
ዘጠኝም ይሆናል፤ ማን አይቶ ሊናገር።

ማስተዋል ደብተሯን ይዛ ስትጠጋኝ
«ሂጂ አባትሽን» እል ነበር፣ ሥራ እንዳለኝ፤
አባቷም መረቡን ከመቋጠር ቀና አይል።

ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ፣
እጄን በሎሚ ፈትጌ፣ ከልጄ ጋር
ሽምብጥ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነን፤
የኔ ጉልበት አይገባ፣ የሷ እግር መሬት አይነካ።
መምህርት ባንቺአምላክ ጻፈች፦ «ዓሣ»፤
«በዓይኑ ዓ፣» አለች፣ «በንጉሡ ሣ።»

ልጄ ብድግ፦ «እኛ ክፍል
በአልፋው አ፣ በእሳቱ ሳ ነው!»
«በእሳቱማ» አልኳት፣ «ከተጠበሰ ወዲያ ነው።»
ወላጁም ልጁም ሳቀ፤
ጀልባ ነጂው ታምሬ ሳይቀር፣ ስድስት ሳምንት ዝም ያለው።

እስከ ቤት ድረስ፣ በዘንባባው ሥር፣
የፋርማሲ ስም፣ የባጃጅ ታርጋ
እየለቀምን ተሟገትን፤
እሷ ትሮጣለች፣
እኔ ፊደሉን እንደ ዓሣ እሾህ፣ አንድ ባንድ።

ትናንት ሚዛኑ ላይ አጎነበስኩ።
«ዘጠኝ ይላል» አልኩ።
ልጁ ቀና አለ።
ከክምሩ አናት አንድ ቀረሶ
ክብ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል።

ማታ ዘጠኝን በፊደል ልጽፍ ስል
«በየትኛው ዘ?» አለች ማስተዋል፣ ልትፈትነኝ።
«ዘ አንድ ነው!» አልኳት።
ይቺን እንኳ አላጣኋትም።