የሩቅ መርዶ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ማራኪ መብራት ጠፍቶ፣
ስልኬ ጮኸብኝ፣ መርዶ ከሰማይ መጥቶ።

ሟቹ አንድ ኮከብ ነው፤ ጎሃ ሳይቆለል
ያረፈ፤ ወሬው ግን፣ ዘመን በዘመን ላይ ሲንከባለል፣
ገና ዛሬ ደርሶ።

ፊተኛው መርዶ ነጋሪ መልክም ጥላም የለው፤
ምድርን እንደ ወንፊት ሾልኮ የሚያልፍ ነው።
ኒውትሪኖ ይሉታል። የደቡብ ዋልታ በረዶ
አንዴ ብልጭ ሲል ያዘው፣ ሊያመልጥ ሲል ማልዶ።

ግን መርዶ ለብቻ አይነገር፣ ነገር በአንድ አፍ አይጸና፤
ሁለተኛ ምስክር፣ ሦስተኛም ይፈለጋልና
ናሚቢያ ያሉት መስታወታቸውን አዞሩ፣
ጣልያን ያሉት የጠፈርን እርግብግቢት ቆጠሩ፣
ሂሮኮ ከጃፓን፣ "ጎንደር፣ ሰማዩ እንዴት ነው?" አለች፤
እሷ ዘንድ ነግቶ ፀሐይ ወጥታለች።

ጣራ ላይ ወጣሁ። ትንሿን ቴሌስኮፕ ገለጥኩ፤
ከጎሃ እስከ አዘዞ የሐምሌ ደመና ዳበስኩ።
ምን ብዬ ልጻፍ? የኔ ዓይን ባዶ ነው።
አፍሬ ዝም አልኩ።

ወገግ ሲል የእድሩ ጡሩምባ ከታች ሰፈር ጮኸ፦
"አለቃ ተገኘ አርፈዋል! ድንኳን ተካዮች፣ ውጡ!"
ፈንታ ነው የሚነፋው። የእድራችን ሕግ ትዝ አለኝ፦
ባዶ እጁን የመጣም፣ ስሙ ሲጠራ "አቤት" ካለ፣
ቀባሪ ነው።

ጻፍኩላት፦
"ከጎንደር፦ ደመና። ምንም አላየንም። ነበርን።"

መልሷን ሳልጠብቅ ላፍታ፣
መዶሻ ይዤ ወረድኩ፣ የድንኳን ካስማ ልመታ።