ሰባት ዩሮ

ከጥዱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ማር፣
ጠባቂ የለበት፣ ቁልፍም አልነበር፤
ዝገት የበላት ቆርቆሮ፣ አፏን ከፍታ ለሰው፣
«አንዱ ሰባት ዩሮ» ብሎ ነው የጻፈው።

ኤንደል የሂዩማ ሰው፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ሰማይ ማለት ለእሱ የዝናብ ነው ቤቱ።
ረፋድ ረፋድ ወጥቶ ቆጥሮ ይመዘግባል፣
«አሥራ አራት ወጣ፣ ዘጠና ስምንት ገባ» ይላል።
ለእኔም ያሳየኛል ደብዳቤ ሳደርስ፦
«አየሽ? ከላይም የለ፣ ከታችም አንድ ነፍስ
የሚያይ። ሰው ግን ይከፍላል።»

ሳልሜ ጎረቤቱ፣ እሑድ የማትቀር፣
መዝሙር መጽሐፏን ይዛ ከነመነጽር፣
ባጥር ላይ ትመልሳለች፦ «አይ አንተ ሽማግሌ ልጅ፣
የሚያየው ካጣማ ይረዝማል የሰው እጅ።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲሉ
አጥሩ በሰበሰ እንጂ እነሱማ አሉ።

አንድ የጥቅምት ንጋት፣ ውርጭ ላይ ወጥቼ፣
ብስክሌቴን ስገፋ ከጥዱ ሥር ገብቼ፣
ሳልሜ ጎንበስ ብላለች፣ እጇ ቆርቆሮው ውስጥ ጠልቆ፤
ልቤ ፈረደባት ከዓይኔ በፊት አውቆ።

ልትወስድ አልነበረም።
ሃያ አንድ ዩሮ ቆጥራ ስትከት ነው ያየሁ።
«ሦስት ጠርሙስ በነጻ ሄዷል ትናንት ማታ፤
ይህን ካወቀማ ያን ደብተር አይፈታ።
የኔ እምነት ከላይ ነው፣ ሌባ አይደርስበትም፤
የሱ ግን መንገድ ዳር ነው፣ አጥር እንኳ የለውም።
እንዳትነግሪው ደግሞ። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ፤
እሑድ እንደ ልማዴ ለጌታ እነግራለሁ።»

ራሴን ነቀነቅሁ፤ ምላሴ ታሰረ፤
ከሦስቱ ጠርሙስ አንዱ እኔ ቤት ነበረ።

ልጄን ሳል ሲያንገላታው፣ ኪሴ ሳንቲም ሲያጣ፣
«ነገ እከፍላለሁ» አልሁ፤ ነገም ይኸው መጣ።
እኔ እንደሱም አይደለሁ፣ እንደሷም አይደለሁ፤
ለገና ሻማ አበራለሁ፣ ሲጨንቀኝ እማልዳለሁ፣
በቀረው ጊዜ ደብዳቤ አድላለሁ።
አማኝ አይደለሁም። ታማኝም፣ እንግዲህ።

ሰባቱን ይዤ ነበር የወጣሁ ያን ለት፤
ግን ብጨምረው ይተርፋል፣ ደብተሩ ሊስት፤
ሲተርፍ ይጠይቃል፣ ሲጠይቅ ይደርሳል፤
የሷ ደግ ውሸት በኔ እውነት ይፈርሳል።
ስለዚህ በፖስታ፣ ላኪ ባልተጻፈበት፣
ገንዘቡን አሽጌ ጣልሁት ከሳልሜ ቤት።

በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ጠበቀችኝ፤
የተከፈተ ፖስታ በእጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።
«ሰባት ዩሮ አለበት፣ ስም ግን የለበትም፤
የኔ ስላልሆነ ከቤቴ አያድርም።
ባለቤቱን ፈልጊ፤ ሥራሽ አይደል ወይ?»
ዓይኗን ልይ ብዬ ቀና አልሁ። ወደ ሰማይ
ታያለች። ሊዘንብ ነው አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣
ከሰው ደብዳቤ ጋር እየተንከባለለ።
ትናንት ኤንደል ደብተሩን ገልጦ፣ «አልጎደለም» አለኝ።
«አዎ» አልሁት።

የቀሩትን ሁለት ጠርሙስ ማን እንደ ወሰደ
አላውቅም። ፖስታ ሳድል ግን በየመስኮቱ
ዓይኔ ሳላዘው ይገባል፤
የማር ጠርሙስ ይፈልጋል።