የቅጥራን አሻራ

ኖርዌይ፣ ከስዊድን ድንበር አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. 1905

እሑድ ነበር፣ ነሐሴ፤ የስብከቱ ቃል ሳይበርድ፣
ሣጥን ተቀመጠልን ከመሠዊያው ደረጃ ዘንድ።
ወንዱ ሁሉ ተሰለፈ፣ ባርኔጣው ከራሱ ወልቆ፤
የዘጠና ዓመት ጋብቻ በአንዲት መስመር ተጨምቆ፣
«ከስዊድን ጋር ያለን ውል ይፍረስ ወይ?» የሚል ጥያቄ።
ቆጣሪው እኔ ነበርሁ፤ ቆጠርሁ ተጠንቅቄ።

አዎ። አዎ። አዎ። አዎ።
በረዶ ሲቀልጥ ከጣራ ጠብ ጠብ እያለ እንደሚወርድ፣
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ አዎ።
ከዚያ «አይ»። አንድ።

ጥጓ ላይ የአውራ ጣት ምልክት፤ ጥቁር፣ የቅጥራን አሻራ።
በደብራችን ከሃልቮር በቀር የለም ጀልባ የሚሠራ።
ቶሎ ብዬ አጠፍኋት፤ ምልክቱ ወደ ውስጥ ገባ፣
የቄሱ ዓይን ሳያርፍባት፣ ደወሉ ሲያስተጋባ።

«ማነው ያ አንዱ?» አለ ሰው፣ በወፍጮው ቤት፣ በወደቡ፤
ከማዶ ሚስት ያመጡ በጎሪጥ ዓይን ተከበቡ።
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ጠጥቶ ጥሙ ያልበረደ አገር
ስለ ጎደለች አንዲት ጠብታ ሌሊቱን ሙሉ ሲናገር!
አስተማሪው ያስረዳናል፦ «ውል የገባ ውል ያፈርሳል።»
እንጨት ሻጩ ይቀበላል፦ «እንግዲያ ነገ ይህ ሸለቆ፣
ከነገ ወዲያ የኔም ጓሮ ‹ልሂድ› ለማለት ይደርሳል!»
ሳቅ ሆነ።
ጓሮው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ሰፊ ነበር።

ራግንሂልድ አልሳቀችም። መረብ ጠጋኝ ናት፤ ሴት ናትና
ሣጥኑ አላወቃትም።
እሷ ግን ጀልባ ቀዝፋ፣ በየደሴቱ ተንከራታ፣
የሴቶችን ፊርማ ሰብስባ ነበር ከጠዋት እስከ ማታ።
እንዲህ አለች፣ መርፌዋን ከጥርሷ መሐል አውጥታ፦
«አገር ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ ‹መብቱ ነው› አላችሁ፤
እኔ ከባሌ ቤት ስወጣ መቼ ዐረፈ ምላሳችሁ?»
የመለሰላት የለም።
እኔም አልመለስሁላትም።

ስድስት ዓመት አለፈ።
አንድ ማታ ወደ ጀልባ ቤቱ ወረድሁ፣ ፋኖስ አንጠልጥዬ፤
ይህን ሁሉ ዘመን ያዘልሁትን ከጫንቃዬ ላውርድ ብዬ።
«መለየት መብት አይደለም?» አልሁት። ቀና አላለም ከሳንቃው።
«መብት ነው» አለኝ ሃልቮር፤ «ልሂድ ያለን ማን በገመድ ሊያንቀው?
ግን ማዶ ላሉ አጥማጆች ስድስት ጀልባ ሰጥቻለሁ በዱቤ፤
ድንበር ሲቆም ማን ሊከፍለኝ? ይኸው ነበር ሐሳቤ።»
ሳቀ። ቀልድ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አልለየሁም።
ከፍለውት እንደሆነም ደግሜ አልጠየቅሁም።

እኔ አዎ ነው ያልሁት። ነገም ቢጠይቁኝ፣ አዎ።
ሰው በሰው ቤት ዕድሜ ልኩን እንግዳ ሆኖ አይኖርም።
ግን ያን እሑድ ማታ፣ ዳቦ ልቆርስ እጄን ስዘረጋ፣
አውራ ጣቴ ጥቁር ነበር።
በሳሙና አሸሁት፤ በአሸዋ፤
ቅጥራን ነው፣ ቶሎ አይለቅም።
የማዶ ልጅ ናት ሚስቴ።
አየችው፤ ዝም አለች፤
ዳቦውን እሷ ቆረሰችልኝ።